የንጉሡ መልክና የገበያው ሕግ

ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ጃማይካውያን በብዛት በሰፈሩበትና የሬጌ ሸክላ ቤቶች በተከፈቱበት በሰሜን ምዕራብ ለንደኑ ሃርልስደን፣ የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ምስል እንደ ቦብ ማርሊ ምስል ሁሉ የሬጌው ባህል አካል ነው። የራስ ተፈሪ እምነት ተከታዮች ንጉሠ ነገሥቱን በአምላክነት የሚያከብሩ በመሆናቸው፣ በካናቴራና በሸክላ ሽፋን ላይ የሚታተመው መልክ ለገዢው የእምነት ምልክት፣ ለሻጩ ደግሞ ሸቀጥ ይሆናል፤ የታዋቂን ሰው ስምና መልክ ለንግድ የመፍቀድ ሥልጣን የማን ነው የሚለው የቆየ ክርክርም የሚከብደው በዚህ ምክንያት ነው።

የእንግሊዝ ሕግ ለዝነኛ ሰው ራሱን የቻለ የምስል መብት አይሰጥም። ቅር የተሰኘ ሰው በአብዛኛው የሚከሰው፣ ነጋዴ ሸቀጡን ሌላ ሰው ያመረተው ወይም የፈቀደው አስመስሎ ገዢን እንዳያሳስት በሚከለክለው ደንብ ሲሆን፣ ከሳሹ በገበያ ያፈራው መልካም ስም እንዳለው፣ ገዢዎች ሊሳሳቱ እንደሚችሉና በዚህም እንደሚጎዳ ማስረዳት ይኖርበታል። ዘፋኟ ሪሃና ምስሏን በካናቴራ ላይ አትሞ የሸጠውን ቶፕሾፕን ስትከስ፣ የፎቶግራፉ ባለመብት ፈቃድ ሰጥቶ ስለነበር ክርክሩ በቅጂ መብት ላይ አልነበረም፤ ዳኛው የፀጉር አሠራሯና ሻሿ በአልበሟ ማስተዋወቂያ ላይ ከሚታየው ጋር መመሳሰሉን አይተው፣ አድናቂዎቿ እርሷ የፈቀደችው ልብስ ሊመስላቸው እንደሚችል በመገንዘብ እ.ኤ.አ. በ2013 ፈረዱላት፤ ይግባኝ ሰሚው ፍርድ ቤትም በ2015 አጸናው።

እ.ኤ.አ. በ1981 ሳይናዘዝ የሞተው ማርሊ ወራሾች ከዚህ የሰፋ ጥበቃ አግኝተዋል። የጃማይካ ፍርድ ቤት በ1994 የአንድ ሰው ስምና መልክ ከሞት በኋላም የሚዘልቅ ንብረት መሆኑን የተቀበለ ሲሆን፣ በአሜሪካ ያለ ፈቃዳቸው የማርሊን ካናቴራ በሸጡ ነጋዴዎች ላይ ያገኙት ፍርድም በ2015 በይግባኝ ጸንቷል።

ንጉሠ ነገሥቱ ራሳቸው እ.ኤ.አ. በ1960 ያወጁት የኢትዮጵያ የፍትሐ ብሔር ሕግ በአንቀጽ 27 የሰውን ፎቶግራፍ ወይም ምስል ያለ ፈቃዱ በአደባባይ ማሳየትን፣ ማባዛትንና መሸጥን ይከለክላል፤ ሆኖም ቀጣዩ አንቀጽ የሰውየው ዝና ወይም የያዘው የሕዝብ ሥልጣን ምክንያት ሲሆን ፈቃድ አያስፈልግም ስለሚል፣ ክልከላው ከዙፋን ሰዎች ፊት ይላላል። ዝናን ለዜናና ለታሪክ መዘገብ አንድ ነገር፣ ዝናን ለቡና ማሸጊያ ማዋል ሌላ ነገር መሆኑን አንቀጹ በግልጽ አለመለየቱ እውነተኛ ጉድለት ነው። ቢለየውም እንኳ የአዲስ አበባ ሕግ በሃርልስደን ሻጭ ላይ አይጸናም፤ በለንደን የሚከስ የንጉሡ ዘር ደግሞ በቅድሚያ በገበያ ያፈራውን መልካም ስም ሊያሳይ ይገባዋል።

ጉድለቱን ለመሙላት ግን የጃማይካውን መንገድ እንዳለ መውሰድ አይበጅም፤ የንጉሡ መልክ አንድ ባለንብረት ካገኘ፣ አማኙ የሚያከብረውን ምስል ለማተም ፈቃድ ሊለምንና ክፍያ ሊጠየቅ ይችላልና። ሕጉ ሊከለክለው የሚገባው፣ በሐሰት ንጉሡ ወይም ቤተሰባቸው ያጸደቁት የሚያስመስለውን ንግድ ነው።