ባሌስትራ መጨመር ፍሬን አያጠነክርም
ቅርጻቸው ተቀይሮ በገጠር መንገድ የሚሮጡ ፒክአፖች፣ ሕጉና ቁጥጥሩ

መስከረም አጋምሶ የሰሊጥ አጨዳ ሲቃረብ ከደጋው ወደ መተማ፣ ቋራና ምዕራብ አርማጭሆ የሚወርደው የቀን ሠራተኛ ይበዛል። እስከ ዋናው መንገድ አውቶቡስ ያደርሰዋል። ከዚያ ወደ እርሻ ካምፑ የሚወስደው መንገድ ግን መረሬ አፈር ነው፤ ዝናብ ካገኘው አውቶቡስ አይደፍረውም። ደፍሮ የሚገባው ከፊትም ከኋላም ጎማው የሚጎትት ፒክአፕ ወይም ላንድክሩዘር፣ ካልሆነም ትራክተር ከነተሳቢው ነው። ምርት የሚወጣው፣ ማዳበሪያ የሚገባው፣ ምጥ የያዛት እናት ወደ ጤና ጣቢያ የምትደርሰውም በእነዚሁ ተሽከርካሪዎች ነው።

ይሁንና ከእነዚህ መካከል ብዙዎቹ ከፋብሪካ እንደወጡ አይደሉም። ጭነት ሲበዛባቸው ጀርባቸው እንዳይጎብጥ ተጨማሪ ባሌስትራ ይገባላቸዋል። ከመሬት ከፍ እንዲሉ ትልልቅ ጎማ ይታሰርላቸዋል። ካሶኒያቸው በብረት ተበይዶ ወደ ላይ ይረዝማል፤ ከግራና ከቀኝ አግዳሚ ወንበር ይገጠምበታል። ከፊት ወፍራም የብረት መከላከያ፣ ከላይ ደግሞ ፓውዛ ይጨመራል። ባለንብረቱ ይህን የሚያደርገው በአብዛኛው ለጌጥ ብሎ ሳይሆን መንገዱና ገበያው ስላስገደደው ነው። ጥያቄው ለውጡ ማን አይቶት፣ ማን ፈቅዶት መንገድ ላይ ወጣ የሚለው ነው።

ልኩ ሲዛነፍ

አንድ የተለመደ ፒክአፕ ከፋብሪካ ሲወጣ እንዲሸከም የሚፈቀድለት በአብዛኛው 10 ኩንታል ገደማ ነው። አንድን ሰው በአማካይ 70 ኪሎ ብንለው ካሶኒው ላይ የተሳፈሩ 15 ሰዎች ብቻ 1 ሺህ 50 ኪሎ ይሆናሉ። ጓዛቸውና ከሥራቸው ያለው ጆንያ ሳይቆጠር ልኩ አልፏል ማለት ነው።

ባሌስትራ ሲጨመር መኪናው 20 ኩንታል ተጭኖም ቀጥ ብሎ ይቆማል። አሳሳቹም ይኸው ነው። የተጨመረው ብረት ጀርባውን አቃና እንጂ ፍሬኑን አላጠነከረም፤ አክሰሉንና ሻንሲውንም አልለወጠም። ክብደቱ እጥፍ የሆነ መኪና ለመቆም የፍሬኑ ሥራም እጥፍ ይሆናል። ፍጥነቱ በሰዓት ከ40 ወደ 80 ኪሎ ሜትር ሲያድግ ደግሞ ሥራው አራት እጥፍ ነው። ቁልቁለት ላይ ፍሬን እምቢ የሚለው ብዙ ጊዜ ይህ ድምር ሲገጥም ነው።

ከፍታውም የራሱ ጣጣ አለው። መኪናው ከመሬት በራቀ ቁጥር፣ ሰውም በጆንያ ላይ በተቀመጠ ቁጥር፣ ክብደቱ ወደ ላይ ይወጣል፤ ኩርባ ላይ የመገልበጥ ዕድሉም ይጨምራል። ከልኩ የበለጠ ጎማ ሲታሰር የፍጥነት መቁጠሪያው ከእውነተኛው ፍጥነት ያነሰ ያሳያል። ወደ ላይ የተቃና ፓውዛ ከፊት ለፊት የሚመጣውን ሾፌርና ባለጋሪ ዓይን ያጠፋል።

ሕጉ ምን ይላል?

በአገራችን ተሽከርካሪ የሚታወቀው በሰነዱ ነው። የተሽከርካሪ መለያ፣ መመርመሪያና መመዝገቢያ አዋጅ ቁጥር 681/2002 ተሽከርካሪ ተመርምሮ እንዲመዘገብና በየዓመቱ ምርመራ እንዲያልፍ ያስገድዳል። ሊብሬውና ቦሎው የዚህ ማረጋገጫዎች ናቸው። የሞተር፣ የሻንሲ፣ የአካል ወይም የአገልግሎት ለውጥ ሲደረግ ባለንብረቱ ለመዘገበው መሥሪያ ቤት አሳውቆ፣ ተሽከርካሪውን አስመርምሮ፣ ለውጡን በሰነዱ ላይ ማስፈር ይጠበቅበታል። ብየዳ ቤት ውስጥ ተጀምሮ እዚያው ያለቀ ለውጥ በሕግ ፊት የለም።

የመንገድ ትራፊክ መቆጣጠሪያ ደንቡ ደግሞ ከልክ በላይ መጫንንና ሰውን በጭነት ተሽከርካሪ ማጓጓዝን በጥፋትነት ያስቀጣል።

ባለንብረቶች ብዙም የማያስቡት የመድኑን ጉዳይ ነው። በአዋጅ ቁጥር 799/2005 መሠረት የሦስተኛ ወገን መድን የሌለው ተሽከርካሪ መንገድ ላይ መውጣት አይችልም። የመድን ውሉ የሚገባው ግን በሊብሬው ላይ በሰፈረው ዓይነትና አገልግሎት ነው። ለጭነት ተብሎ መድን የተገባለት ፒክአፕ 15 ሰው አሳፍሮ ቢገለበጥ ክርክሩ ከዚህ ይጀምራል። የካሳው ዕዳ ዞሮ የባለንብረቱን ቤትና ከብት ሊነካ ይችላል።

ጭነት መኪና ለሰው አለመሠራቱን በቅርቡ በመሪር ሐዘን አይተናል። ታኅሣሥ 20 ቀን 2017 ዓ.ም በሲዳማ ክልል ቦና ወረዳ ሠርገኞችን አሳፍሮ የነበረ አይሱዙ የጭነት መኪና ድልድይ ስቶ ወንዝ ውስጥ ገብቶ የ71 ሰዎች ሕይወት አልፏል። በፒክአፕ ካሶኒ ላይ የሚሳፈረውም ሰው ቀበቶ፣ ጣሪያና መያዣ የሌለው በመሆኑ አደጋው ያው ነው።

የሌሎች አገራት ተሞክሮ

ሰፊ የእርሻና የግጦሽ መሬት ያላት አውስትራሊያ በዚህ ረገድ የምትጠቀስ ናት። ገበሬዎቿ በብዛት የሚነዱት ፒክአፕ ነው፤ ከፍ ማድረግም የተለመደ ነው። ሕጉ ግን ልክ አስቀምጧል። በኒው ሳውዝ ዌልስና በኩዊንስላንድ ግዛቶች ባሌስትራውና ጎማው ተደምሮ መኪናውን እስከ 7 ነጥብ 5 ሴንቲ ሜትር ከፍ ቢያደርገው በራሱ ልክ እስከተሠራ ድረስ ልዩ ማረጋገጫ አይጠየቅም። ከዚያ ካለፈ ግን ፈቃድ ያለው ባለሙያ መርምሮ ማረጋገጫ መስጠት አለበት። ማለትም ትንሹን ለውጥ በቀላሉ ያልፉታል፤ ትልቁን ይመረምሩታል።

በአሜሪካ ደግሞ የመኪናን ፊት አንስቶ ጀርባን ዝቅ ማድረግ በወጣቶች ዘንድ ፋሽን ሆኖ ነበር። ሾፌሩ ከፊቱ ያለውን እግረኛ እንዳያይ የሚጋርድ በመሆኑ የሰሜን ካሮላይና ግዛት ከ2021 መጨረሻ ጀምሮ የፊት መከለያው ከኋላው በ10 ሴንቲ ሜትር ገደማና ከዚያ በላይ እንዳይበልጥ ከለከለች። በዓመት ሦስት ጊዜ የጣሰ መንጃ ፈቃዱን ያጣል። በ2023 የተከተለችው ደቡብ ካሮላይና በመጀመሪያዎቹ ወራት ማስጠንቀቂያ ብቻ ሰጥታ ኋላ ወደ 100፣ 200 እና 300 ዶላር ቅጣት ተሻገረች። (ዓመታቱ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

በሁለቱም አገሮች ልኩ በሜትር የሚለካ በመሆኑ ፖሊሱና ሾፌሩ መንገድ ዳር ቆመው አይከራከሩም። ባለንብረቱም ለማስተካከል ጊዜ ያገኛል።

ቁጥጥሩ የት ይሁን?

በእኛ አገር ቁጥጥሩ በአብዛኛው የሚታየው በዋናው አስፋልት ላይ ነው። ቅርጹ የተቀየረው ፒክአፕ ግን የሚሠራው ከኬላው ወዲያ፣ ከገበያው ወደ ቀበሌው በሚወስደው ጥርጊያ መንገድ ላይ ነው። ስለዚህ የወረዳ ትራንስፖርት ጽሕፈት ቤትና ትራፊክ ፖሊስ በገበያ ቀን ከመናኸሪያው ዳር፣ በአዝመራ ወቅት ከእርሻ ካምፕ መግቢያ ላይ ቢገኙ የተሻለ ውጤት ያመጣሉ።

ለፍተሻው ውድ መሣሪያ አያስፈልግም። ሊብሬውን ከመኪናው ጋር ማስተያየት አንድ ነው። በብዙ መኪኖች የሾፌር በር ማዕዘን ላይ የጎማው መጠን ተለጥፏል፤ ጎማው ላይ ከተጻፈው ቁጥር ጋር ማመሳከር ሁለተኛው ነው። ሦስተኛው በካሶኒው ላይ አዲስ ብየዳና የተገጠመ ወንበር መኖሩን ማየት ነው።

ሌላው የቅጣቱ አፈጻጸም ነው። ሾፌሩ ተቀጥቶ፣ ሰዎቹ ሳይወርዱ ጉዞው ከቀጠለ ቅጣቱ እንደ መተላለፊያ ክፍያ ይቆጠራል። በማግሥቱ ከተሳፋሪው ኪስ ይወጣል። ሰው የማዳን ቁጥጥር ትርፍ ጭነቱን ያስወርዳል፤ ለወረዱትም ሌላ ማጓጓዣ አስቀድሞ ያዘጋጃል።

ይህ ደግሞ የወረዳ አመራሩን ድርሻ ያመጣል። አማራጭ በሌለበት ቀበሌ ክልከላ ብቻውን ሰውን ከፒክአፕ ወደ ትራክተር ተሳቢ ያዛውረዋል እንጂ አያድነውም። የቀን ሠራተኛ የሚያስመጡ ባለሀብቶች የሠራተኛውን ማጓጓዣ ከሥራ ውሉ ጋር እንዲያስቡት ማድረግ፣ መንገድ በሚደርቅበት ወቅት ለሰው ማመላለሻ የተፈቀዱ ተሽከርካሪዎችን መስመር ማስያዝ፣ ለውጥ ለማስመዝገብ የሚመጣ ባለንብረትም ሳይመላለስ እንዲስተናገድ ማድረግ በወረዳ አቅም ሊጀመር ይችላል። ሕጋዊው በር ጠባብና ሩቅ ከሆነ ብየዳ ቤቱ ሁልጊዜ ይቀርባል።

አርሶ አደሩስ?

ፒክአፕ ያለው አርሶ አደር ባሌስትራ ከማስጨመሩ በፊት መኪናውን ወደ መዘገበው መሥሪያ ቤት ይሂድ። ለውጡ በሊብሬው ላይ ይስፈርለት፤ መድን ድርጅቱም ይወቅለት። መኪና የሚከራይ አርሶ አደር ከዋጋው ቀጥሎ የቦሎውን ዘመንና የሚጭነውን ኩንታል ይጠይቅ፤ ምርቱንና ሰውን በአንድ ካሶኒ አይጫን። ተሳፋሪውም "ቦታ አለ" ስለተባለ ብቻ በጆንያ ላይ አይውጣ። አንድ ቀን የዘገየ ሰሊጥ ጥቂት ይረግፍ ይሆናል፤ ከካሶኒ ላይ የወደቀ የቤተሰብ አስተዳዳሪ ግን በሚቀጥለው አዝመራ አይተካም።