ናውሩ፡ የሌላውን ማሳ አልምታ የራሷን አፈር ያጣች ደሴት

በሰላማዊ ውቅያኖስ መካከል፣ ከምድር ወገብ ጥቂት ወደ ደቡብ ዝቅ ብላ የምትገኘው ናውሩ በዓለም ላይ ካሉ ሪፐብሊኮች ሁሉ ትንሿ ናት። የቆዳ ስፋቷ 21 ስኩዌር ኪሎ ሜትር ወይም 2 ሺህ 100 ሄክታር ገደማ ሲሆን የሕዝቧ ቁጥር 12 ሺህ ያህል ነው። በይፋ የተሰየመ ዋና ከተማ የላትም፤ የመንግሥት መሥሪያ ቤቶቿ የሚገኙት ያረን በተባለው ወረዳ ነው። የራሷ ገንዘብም የላትም፤ የምትገበያየው በአውስትራሊያ ዶላር ነው።

ይህች ደሴት ከግማሽ ምዕተ ዓመት በፊት በነፍስ ወከፍ ገቢ ከዓለም ቀዳሚ ሀገራት ተርታ ትሰለፍ ነበር። ሠላሳ ዓመት ያህል ቆይቶ ግን የቀራትን አንድ የመንገደኞች አውሮፕላን እንኳ በዕዳ ተነጥቃለች። ሀብቱ ከየት መጣ? ወዴትስ ሄደ? የጥያቄው መልስ የሚጀምረው አርሶ አደሮች በቅርብ ከሚያውቁት ነገር፣ ከማዳበሪያ ነው። በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመታት በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ሀብቱ እንዴት ተገኘ?

የናውሩ መካከለኛ ክፍል ከባሕሩ ዳርቻ ከፍ ያለ ሜዳ ሲሆን የደሴቲቱን አራት አምስተኛ ያህል ይሸፍናል። በዚህ ከፍታ ላይ በሚገኙ የኖራ ድንጋይ ስንጥቆች መካከል በብዙ ሺህ ዘመናት ንጥረ ነገሩ የበዛ የፎስፌት ክምችት ተፈጥሯል። የክምችቱ ምንጭ በዋናነት የባሕር ወፎች ኩስ እንደሆነ በሰፊው ይታመናል።

ፎስፌት ለተክል ሥር መጠንከርና ለፍሬ መሙላት የሚያስፈልገው ፎስፈረስ የሚገኝበት ማዕድን ነው። በሀገራችን አርሶ አደሮች የሚታወቁት ዳፕ እና ኤንፒኤስ የተባሉት ማዳበሪያዎችም ይህንኑ ንጥረ ነገር ይይዛሉ። ፎስፈረስ እንደ ናይትሮጅን ከአየር ተወስዶ በፋብሪካ ሊመረት አይችልም፤ ከመሬት ተቆፍሮ መውጣት አለበት። ናውሩን ተፈላጊ ያደረጋትም ይኸው ነው።

የክምችቱ መታወቅ ከአንድ ድንጋይ ጋር የተያያዘ ነው። ከናውሩ የመጣ ድንጋይ በአውስትራሊያዋ ከተማ ሲድኒ በሚገኝ የንግድ ድርጅት ቢሮ ውስጥ የበር ማስደገፊያ ሆኖ ያገለግል ነበር። የድርጅቱ ሠራተኛ የነበረው አልበርት ኤሊስ ድንጋዩን ተጠራጥሮ ሲያስመረምረው ከፍተኛ ጥራት ያለው ፎስፌት ሆኖ ተገኘ። በወቅቱ ደሴቲቱ በጀርመን ቅኝ አገዛዝ ሥር ስለነበረች ከጀርመኖች ጋር ስምምነት ተደርጎ ወደ ውጭ መላክ የተጀመረው በ1907 ነው።

በአንደኛው የዓለም ጦርነት መባቻ አውስትራሊያ ደሴቲቱን ያዘች። ከጦርነቱ በኋላም አውስትራሊያ፣ ብሪታንያ እና ኒውዚላንድ የጋራ የፎስፌት ኮሚሽን አቋቁመው ማዕድኑን በድርሻ ተከፋፈሉ፤ ብሪታንያና አውስትራሊያ 42 በመቶ፣ ኒውዚላንድ ደግሞ 16 በመቶ እንዲደርሳቸው ተስማሙ። ከናውሩ የተጫነው ፎስፌት በአሲድ እየተብላላ ማዳበሪያ ሆኖ በአውስትራሊያና በኒውዚላንድ የስንዴ ማሳዎችና የግጦሽ መሬቶች ላይ ተበተነ። የሁለቱ ሀገራት እርሻና የከብት ሀብት ሲስፋፋ ለናውሩ ባለ መሬቶች ይከፈል የነበረው ግን ከማዕድኑ ዋጋ ጋር የማይነጻጸር ጥቂት ሳንቲም ነበር።

የነጻነትና የብልጽግና ዘመን

ናውሩ ነጻነቷን ያወጀችው ጥር 31 ቀን 1968 ሲሆን የመጀመሪያው ፕሬዚዳንቷ ሀመር ዴሮበርት ነበሩ። ከነጻነቱ አራት ዓመት አስቀድሞ አውስትራሊያ ሕዝቡን በኩዊንስላንድ ግዛት ወደምትገኝ ከርቲስ ወደተባለች ደሴት ለማዛወር ሐሳብ አቅርባ ነበር። ናውሩዎች ግን የራሳቸው አስተዳደርና ማንነት እንደሚጠፋ ስለተረዱ አልተቀበሉትም። ከነጻነቱም በኋላ የማዕድኑን ሥራ ከኮሚሽኑ ገዝተው በ1970 ሙሉ በሙሉ በእጃቸው አስገቡ።

በ1970ዎቹ የፎስፌት ዋጋ በዓለም ገበያ ሲያሻቅብ የደሴቲቱ ገቢም አብሮ አሻቀበ። ትምህርትና ሕክምና በነጻ ሆኑ፤ የገቢ ግብር አልነበረም። አየር ናውሩ የተባለው አየር መንገድ በርካታ ጄት አውሮፕላኖች ኖሩት። የናውሩ መሪዎች ማዕድኑ አንድ ቀን እንደሚያልቅ ያውቁ ስለነበር ከሽያጩ የሚገኘውን ገንዘብ በከፊል በአደራ ፈንድ ያስቀምጡ ጀመር። ሐሳቡ ትክክል ነበር፤ ከመሬት የወጣው ሀብት ወደ ሕንጻ፣ ወደ ሆቴልና ወደ አክሲዮን ተለውጦ ለልጅ ልጅ ገቢ ያስገኛል የሚል ነው። በሜልበርን ከተማ በ1977 የተጠናቀቀው ባለ 52 ፎቅ የናውሩ ሕንጻ የዚህ ዕቅድ ማሳያ ነበር።

ፈንዱ ለምን ጠፋ?

የአደራ ፈንድ የሚያገለግለው ሁለት ነገሮች ሲሟሉ ነው። አንደኛው ዋናው ገንዘብ ሳይነካ ትርፉ ብቻ ሥራ ላይ መዋል አለበት። ሁለተኛው ደግሞ ገንዘቡን የሚያስተዳድሩት ሰዎች ለባለቤቱ ሕዝብ የሚጠየቁ መሆን አለባቸው። በናውሩ ሁለቱም ተጓደሉ።

በርካታ ኢንቨስትመንቶች ትርፍ ሳይሆን ኪሳራ አመጡ። ተሳፋሪው ጥቂት የሆነው አየር መንገድ በየዓመቱ ድጎማ ይፈልግ ነበር። በ1993 ለንደን ላይ ለመድረክ የበቃው፣ በናውሩ ገንዘብ የተደገፈ የሙዚቃ ቴአትር ከጥቂት ሳምንታት በኋላ ተዘጋ። የማዕድኑ ገቢ እየቀነሰ ሲሄድም መንግሥት የለመደውን ወጪ ከመቀነስ ይልቅ የፈንዱን ንብረት እያስያዘ ተበደረ። የዘር እህሉን እየሸጠ ከረምቱን እንደሚገፋ ገበሬ የነገውን በዛሬ በላ። ዕዳው ሲጠራቀም አበዳሪዎች ንብረቱን ያዙ፤ የሜልበርኑ ሕንጻ በ2004 ተሸጠ፤ በታኅሣሥ 2005 ደግሞ የመጨረሻው አውሮፕላን ተወሰደ።

በዚህ መካከል መንግሥት በቀላሉ ገንዘብ ይገኝበታል ያለውን ሁሉ ሞክሯል። በ1990ዎቹ በወረቀት ብቻ የሚኖሩ በመቶዎች የሚቆጠሩ ባንኮች በናውሩ ስም ተመዝግበው ስለነበር ደሴቲቱ በሕገ ወጥ ገንዘብ ዝውውር ተከስሳ በዓለም አቀፍ ጥቁር መዝገብ ሰፈረች። ከመዝገቡ የወጣችው ሕጓን አሻሽላ በ2005 ነው።

የተቆፈረው መሬት

ገንዘቡ ቢጠፋም በተሻለ አስተዳደር ሊመለስ ይችላል። አፈሩ ግን እንዲህ አይደለም። ፎስፌቱ በኖራ ድንጋዮቹ መካከል የተሞላ ስለነበር ሲወጣ የቀረው ባዶ የድንጋይ ጉቶ ነው። ጉቶዎቹ አንዳንዶቹ እስከ 15 ሜትር የሚደርስ ቁመት አላቸው። በመካከላቸው መሄድ አስቸጋሪ ነው፤ ማረስና ቤት መሥራትማ የማይታሰብ ነው። በዚህም ምክንያት ሕዝቡ የሚኖረው በባሕሩ ዳርቻ ዙሪያ በተዘረጋው ጠባብ ቀለበትና ቡአዳ በተባለው ሐይቅ አካባቢ ብቻ ነው።

የሚታረስ መሬት ሲጠፋ ምግብ ከውጭ በመርከብ የሚመጣ ሆነ። ሩዝ፣ የታሸገ ሥጋና ስኳር የኮኮናትን፣ የፍራፍሬንና የትኩስ ዓሣን ቦታ ያዙ። በናውሩ የስኳር ሕመምና ከልክ ያለፈ ውፍረት ዛሬ ከዓለም ከፍተኛ ከሚባሉት መካከል ናቸው።

ናውሩ ነጻነቷን ከማግኘቷ በፊት ለተቆፈረው መሬት ማገገሚያ እንዲከፈላት አውስትራሊያን በ1989 በዓለም አቀፉ ፍርድ ቤት ከሰሰች። ፍርድ ቤቱ ጉዳዩን የማየት ሥልጣን እንዳለው በ1992 ከወሰነ በኋላ ሁለቱ ሀገራት በ1993 በስምምነት ጨረሱ፤ አውስትራሊያ 107 ሚሊዮን የአውስትራሊያ ዶላር ለመክፈል ተስማማች። ሆኖም መልሶ ማልማቱ ዝግተኛ ነው። ጉቶዎቹን ማስተካከል፣ አፈር ከሌላ ቦታ ማምጣትና ተክል ማጽደቅ ማዕድኑን ከማውጣት እጅግ የከበደ ሥራ ሆኗል።

ወደብ፣ ውኃና መብራት

የናውሩ መሠረተ ልማት ለረጅም ዘመን የተሠራው ለአንድ ዓላማ ነበር፤ ፎስፌቱን ወደ መርከብ ለማድረስ። አጭር የባቡር ሐዲድ፣ መፍጫና ማድረቂያ፣ ከዳርቻው ወደ ባሕሩ የተዘረጋ የመጫኛ ክንድ ተሠሩ። ለነዋሪው የሚያስፈልገው የጭነት ወደብ ግን አልነበረም። ደሴቲቱን የከበበው የኮራል ድንጋይ ከዳርቻው ጥቂት እንደራቀ ወደ ጥልቁ ባሕር ስለሚወርድ መርከቦች ከተንሳፋፊ ማሰሪያ ጋር ታስረው ይቆያሉ፤ ዕቃውም በአነስተኛ ጀልባዎች ወደ ዳርቻ ይጓጓዛል። ማዕበል ሲነሳ ሥራው ይቆማል። ምግብና ነዳጅ የያዘ መርከብ ለቀናት ሲጠብቅ ዋጋው በገበያ ላይ ይጨመራል። ይህን ችግር ለመፍታት በእስያ ልማት ባንክ፣ በአረንጓዴ የአየር ንብረት ፈንድና በአውስትራሊያ ድጋፍ መርከብ በቀጥታ የሚቆምበት አዲስ ወደብ ግንባታ ተጀምሯል።

ውኃም ሌላው ፈተና ነው። በናውሩ ወንዝ የለም። ነዋሪዎች የዝናብ ውኃ ከጣሪያ ወደ ታንከር ያጠራቅማሉ፤ ድርቅ ሲረዝም የባሕር ውኃን ጨው የሚያጣራው ጣቢያ ዋና መተማመኛ ይሆናል። ጣቢያው ግን ኤሌክትሪክ ይፈልጋል፤ ኤሌክትሪኩም በአብዛኛው የሚመነጨው ከውጭ በሚመጣ ናፍጣ ነው። ስለዚህ የነዳጅ መርከብ ሲዘገይ የሚጠፋው መብራቱ ብቻ አይደለም፤ ውኃውም አብሮ ይጎድላል። ከቅርብ ዓመታት ወዲህ ባትሪ ያላቸው የፀሐይ ኃይል ማመንጫዎች እንዲስፋፉ የተፈለገው በዚህ ምክንያት ነው።

የዛሬው ገቢ

የናውሩ መሬት ትንሽ ቢሆንም ሕግ የሚያውቅላት የባሕር ክልል ከ300 ሺህ ስኩዌር ኪሎ ሜትር በላይ ነው። በዚህ ባሕር የቱና ዓሣ በብዛት ያልፋል። ናውሩና ሌሎች ሰባት የፓስፊክ ሀገራት በተናጠል ሲደራደሩ የውጭ የዓሣ ኩባንያዎች አንዱን ከሌላው እያወዳደሩ ዋጋ ይቀንሱባቸው ነበር። ሀገራቱ በናውሩ ስም በሚጠራው የ1982 ስምምነት ተባብረው፣ ከ2007 ጀምሮ የዓሣ ማጥመጃ ቀናትን በቁጥር ወስነው መሸጥ ጀመሩ። አንድ መርከብ በክልላቸው ለአንድ ቀን ለማጥመድ የሚከፍለው ዝቅተኛ ዋጋም 8 ሺህ የአሜሪካ ዶላር ደረሰ። ዓሣው ከመጠን በላይ እንዳይጠመድ ስለሚገደብ፣ ከፎስፌቱ በተለየ ይህ ሀብት ራሱን ሊተካ ይችላል።

ሁለተኛው ገቢ ይበልጥ አከራካሪ ነው። አውስትራሊያ በባሕር የሚመጡባትን ጥገኝነት ጠያቂዎች ከ2001 ጀምሮ ወደ ናውሩ ስትልክ ቆይታለች። ማቆያው በ2008 ተዘግቶ በ2012 እንደገና ተከፍቷል። የመብት ተሟጋቾች በማቆያው ያለውን አያያዝ አጥብቀው ሲነቅፉ፣ ለደሴቲቱ ግን የሥራና የበጀት ምንጭ ሆኖ ቆይቷል። ይህ ገቢ የሚወሰነው በሌላ ሀገር ፖለቲካ በመሆኑ የካንቤራ መንግሥት ሐሳቡን በቀየረ ጊዜ ሁሉ የናውሩ በጀት ይናወጣል።

ናውሩ በጥልቁ ባሕር ወለል ላይ የሚገኙ ማዕድናትን ለማውጣት ከሚሹ ሀገራትም ግንባር ቀደሟ ናት። በ2021 የዓለም አቀፉ የባሕር ወለል ባለሥልጣን የማውጫ ደንቦቹን በሁለት ዓመት ውስጥ እንዲያጠናቅቅ ጠይቃለች። ደጋፊዎች ይህ ለትንሽ ሀገር ብርቅ ዕድል ነው ይላሉ። ተቃዋሚዎች በበኩላቸው የማይታደስ ሀብት መሸጥ ምን እንደሚያስከትል ከናውሩ በላይ የሚያውቅ እንደሌለ ያስታውሳሉ።

ሁለተኛው ፈንድ

መንግሥት በ2015 ከአውስትራሊያ፣ ከታይዋንና ከእስያ ልማት ባንክ ጋር ተስማምቶ አዲስ የትውልዶች አደራ ፈንድ አቋቁሟል። ከመጀመሪያው ፈንድ የሚለየው ዋናው ነገር ቁልፉ በመንግሥት እጅ ብቻ አለመሆኑ ነው። ገንዘብ ያዋጡት ወገኖች በአስተዳደሩ ውስጥ ይቀመጣሉ፤ ዋናው ገንዘብም ለረጅም ዓመታት እንዳይነካ ተወስኗል። በዚሁ ዘመን ለብዙ አሥርት ዓመታት ያልታወቀው የገቢ ግብርም ተጀምሯል።

ከዚህ ጋር ሌላ ጊዜ የማይሰጥ ጉዳይ አለ። የባሕሩ ከፍታ እየጨመረ በመሄዱ ሕዝቡ የሰፈረበት ዝቅተኛ ዳርቻ አደጋ ላይ ነው። ብቸኛው አማራጭ ከፍ ያለው ሜዳ ሲሆን እሱም ሲቆፈር የኖረው መሬት ነው። መንግሥት ቤቶችን፣ ተቋማትንና እርሻን በደረጃ ወደዚያ ለማዛወር አቅዷል። ለዚሁ ማስፈጸሚያ በኅዳር 2024 ለባለ ሀብቶች ከ105 ሺህ የአሜሪካ ዶላር ጀምሮ ዜግነት የሚሸጥበትን መርሐ ግብር ይፋ አድርጓል።

በአንድ ክፍለ ዘመን ከዚህ ሜዳ የወጣው አፈር የሩቅ ሀገር ገበሬዎችን ምርት አሳድጓል። አሁን የናውሩ ልጆች ቤት የሚሠሩበትና አትክልት የሚተክሉበት ቦታ እንዲያገኙ በዚያው ሜዳ ላይ ድንጋዩ መፈለጥ፣ አፈሩም በገንዘብ መመለስ አለበት። ሁለተኛው ፈንድ ይህ ሥራ እስኪያልቅ ሳይነካ መቆየቱ የደሴቲቱን ዕጣ ይወስናል።