ሕልም ስለሚመስል ሥዕል

ሠዓሊ ሁሉ ዓይኑ ያየውን ብቻ የሚሥል አይደለም፤ ልቡ የሚያስታውሰውንም የሚሥል አለ። እንዲህ ያለውን ሥዕል ያየ ሰው «ሐሰት ነው» ብሎ ከመናቁ አስቀድሞ ምሥጢሩን መመርመር ይገባዋል።

ማርክ ሻጋል የሚባለው ሠዓሊ ያደገው ዛሬ በቤላሩስ አገር ባለችው በቪቴብስክ ነው። ኋላም ፓሪስ ሳለ፥ በፈረንጆች አቆጣጠር በ1911 ዓመት፥ «እኔና መንደሬ» የተባለውን ሥዕል ሣለ። በዚህ ሥዕል ፊቱ አረንጓዴ የሆነ ሰውና አንዲት ላም ዓይን ለዓይን ይተያያሉ፤ በላሚቱ ጉንጭ ላይ አንዲት ሴት ወተት ስታልብ ትታያለች፤ ከላይም ማጭድ በትከሻው የያዘ ገበሬ ሲሄድ፥ አንዲት ሴትና አንዳንዶቹ ቤቶች ተዘቅዝቀው ይታያሉ። ይህም መሣል ስላቃተው አይደለም፤ ሰውና ከብት አብረው የሚኖሩበት መንደር በአሳቡ ስለ ተመላለሰበት ነው እንጂ። በሕልም ሩቁ ቅርብ፥ ታላቁ ታናሽ እንደሚሆን፥ በትዝታም እንዲሁ ነው።

ነገሩ ለአገራችን ሽማግሌዎች እንግዳ አይደለም። በቀድሞው የቤተ ክርስቲያን ሥዕል ጻድቅ በሁለት ዓይኑ፥ ኃጥእ በአንድ ዓይኑ የሚሣለው መልክን ለማስመሰል ሳይሆን ምሥጢርን ለመናገር ነው።

ስለዚህ ተማሪ ሰማያዊ በሬ ሥሎ ቢያመጣ፥ መምህሩ ከመቆጣቱ በፊት «ይህ በሬ የማን ነው?» ብሎ ይጠይቀው። ምናልባት በሬው ከተሸጠ ወዲህ ልጁ በሕልሙ ያየው ይሆናል።