ሐዲዱ ቢነሣ መንገዱ አይጥፋ

ባቡር የለቀቀው መንገድ ባዶውን አይቀርም። ዳገቱ የተስተካከለ፣ ወንዙ ድልድይ የተሠራለት፣ ተራራው በዋሻ የተበሳ በመሆኑ እግረኛውም ብስክሌተኛውም ይመርጠዋል። ይሁንና ሕዝቡ ባቡሩ ይመለስልን ብሎ የጠየቀ ዕለት፣ መንገዱ ለመንሸራሸሪያ ይሁን ወይስ ለመንገደኛ ማመላለሻ የሚል ክርክር መነሣቱ አይቀሬ ነው።

ክርክሩ ጎልቶ ከታየባቸው ሥፍራዎች አንዱ በአሜሪካ፣ በኒው ዮርክ ግዛት የሚገኘው የአዲሮንዳክ ተራራማ አገር ነው። ከሬምሰን እስከ ሌክ ፕላሲድ 191 ኪሎ ሜትር ያህል የሚረዝመው ሐዲድ በ1965 እ.ኤ.አ. መደበኛ የመንገደኞች አገልግሎቱን አቋረጠ። ለ1980ው የክረምት ኦሊምፒክ ነፍስ ቢዘራም ብዙ ሳይቆይ ተዘጋ፤ ኋላም የጎብኚዎች ባቡር በከፊሉ ብቻ ተመላለሰበት።

ከዚህ በኋላ ነዋሪው ለሁለት ተከፈለ። አንደኛው ወገን አልፎ አልፎ ለሚያልፍ ባቡር ይህን ያህል መንገድ ከመያዝ ሐዲዱ ተነሥቶ እግረኛና ብስክሌተኛ ቢጠቀምበት፣ መንደሮቹም ከእንግዳው ገቢ ቢያገኙ ይሻላል አለ። ሌላው ወገን በበኩሉ፣ ሽማግሌውና አካለ ስንኩሉ ወደ ዱሩ የሚዘልቁት በባቡር ነው፤ አንድ ጊዜ የተነቀለ ሐዲድም አይመለስም ሲል ተከራከረ። መስመሩን ለሁለት የሚያካፍለው የ2016 የመንግሥት እቅድ በ2017 በፍርድ ቤት ተሻረ፤ ተሻሽሎም በ2020 ጸደቀ። በዚሁ መሠረት እስከ ተፐር ሌክ ያለው 72 ኪሎ ሜትር ያህል ሐዲድ ታደሰ። ከዚያ እስከ ሌክ ፕላሲድ ያለው 55 ኪሎ ሜትር ያህል ግን ተነቅሎ ለመንሸራሸሪያ ተሰጠ፤ የመጀመሪያው ክፍልም በ2023 ተከፈተ።

ሁለቱም ወገኖች ድርሻቸውን አግኝተዋል። ነገር ግን ባቡሩ ከመጨረሻዋ ከተማ ሳይደርስ መቅረቱን መዘንጋት አይገባም።

የተነቀለ ሐዲድ በእርግጥ አይመለስምን? መልሱን ከቅርብ እናገኘዋለን። በ1911 አሥመራ የደረሰው፣ ከምጽዋ 118 ኪሎ ሜትር ያህል የሚወጣው ሐዲድ በጦርነቱ ዘመን አገልግሎቱን አቁሞ፣ ብረቱ ተነቅሎ ለምሽግ መሥሪያ መዋሉን ወታደሩም የከተማው ሰውም ያውቃል። ሆኖም በ1990ዎቹ ጡረታ የወጡ የባቡር ሠራተኞች ወደ ሥራቸው ተጠርተው ብረቱን ከየምሽጉ እየለቀሙ መልሰው ዘረጉት፤ በ2003ም አሥመራ ደረሱ። ከዚያ ወዲህ ባቡሩ ያገለገለው በአመዛኙ ጎብኚውን ቢሆንም፣ ሥራው የማይቻል ነው የተባለውን አስችሏል። ሊሳካላቸው የቻለውም ዋሻዎቹና ድልድዮቹ በቦታቸው ስለ ቆዩ ነው።

እንግዲህ ቁም ነገሩ ከብረቱ ይልቅ መንገዱ ላይ ነው። ስፋት ባለበት እግረኛው ከሐዲዱ ጎን በአጥር ተለይቶ ይሂድ። በጠባቡ ገደል ሁለቱን ማስኬድ ስለማይቻል አንዱ ተራውን ይጠብቅ። እግረኛው ተረኛ በሆነበት ዘመን ግን ድልድዩ አይፍረስ፤ በመስመሩ ላይ ቤት አይሠራ፤ መሬቱ ተቆራርሶ አይሸጥ። ዛሬ የሚንሸራሸርበት ሰው መንገዱን ለነገው ተሳፋሪ በአደራ የያዘ መሆኑን ሊያውቅ ይገባል እንላለን።