ከጣና ስንት ዓሣ ይያዝ?

እዚህ ተክለ ሃይማኖት ምግብ ቤት ገብተን የዓሣ ጥብስ ስናዝዝ፣ ዓሣው ከየትኛው ውኃና በስንት ዓመቱ እንደተያዘ አንጠይቅም። የዛሬው ንግግሬ ከዚሁ ይነሣል።

የመማሪያ መጻሕፍት መልስ የታወቀ ነው፤ ክምችቱ ካልተነካው መጠን ወደ ግማሽ ሲወርድ ዓመታዊ ጭማሪው ከፍተኛ ይሆናል፤ የሚያዘውም ያ ጭማሪ ብቻ ነው። ስሌቱ ግን ክምችቱን እንደ አንድ ወጥ ጎተራ ይቆጥራል። በጥልቅ ባሕር የሚኖረው ኦሬንጅ ራፊ ለመራባት 30 ዓመት ገደማ ይቆያል፤ ለመራባት በአንድ ቦታ ስለሚሰበሰብም ክምችቱ እየተመናመነ መረቡ ሊሞላ ይችላል።

ጣና ጥልቀቱ ከ14 ሜትር ብዙም አይበልጥም፤ ችግሩ ግን ያው ነው። ነጭ ዓሣ የምንላቸው የላቢዮባርበስ ዝርያዎች አብዛኞቹ ከጣና በቀር በዓለም የትም አይገኙም። በክረምቱ መጨረሻ ለመራባት ወደ ርብና ጉማራ ወንዞች አፍ ይጎርፋሉ። እ.ኤ.አ. በ1986 ከታንኳው ጎን የሞተር ጀልባና ዘመናዊ መረብ ገባ፤ መረቡም እዚያው ጠበቃቸው። በ1990ዎቹ መጀመሪያና መጨረሻ የተደረጉ ቆጠራዎች ሲነጻጸሩ የአዋቂዎቹ ብዛት በ75 በመቶ ገደማ አሽቆልቁሎ ተገኘ።

ስለዚህ በቶን ብቻ የሚነገር ገደብ እኔን አያሳምነኝም። ፈጥኖ ለሚያድገው ለቆሮሶ ይበጅ ይሆናል፤ ለነጭ ዓሣ ግን ከ«ስንት» ይልቅ «መቼና የት» ይቀድማል። የዓሣ ሀብት ልማትና አጠቃቀም አዋጅ ቁጥር 315/1995 በእጃችን አለ። የቀረን ከባዱ ጥያቄ፣ የወንዞቹ አፍ በሚዘጋባቸው ሳምንታት አጥማጁ ቤተሰቡን በምን ያስተዳድራል የሚለው ነው።