መብረቅ የመታውና ኮረንቲ የያዘው

በክረምት አንድ እረኛ መብረቅ መትቶት ሜዳ ላይ ወድቆ ሲገኝ፥ ከከበበው ሕዝብ መካከል «እንዳትነኩት!» የሚሉ አይታጡም። በከተማ ደግሞ አንድ ልጅ የተላጠ ሽቦ ጨብጦ ኮረንቲ ሲይዘው፥ እናቱ ወይም ወንድሙ ሮጦ በባዶ እጁ ሊያላቅቀው ይሞክራል። ሁለቱም የሚደረጉት በቅን ልቡና ነው፤ ነገር ግን ሥራው የተገላቢጦሽ ነው። የመጀመሪያውን ፈጥኖ መንካት፥ ሁለተኛውን አለመንካት ይገባ ነበር። ምክንያቱን ለመረዳት የኤሌክትሪክን ሀሁ ማወቅ ይበቃል።

ድንጋይም ሆነ ውሃ ወይም የሰው ገላ፥ ሁሉም ከአቶሞች የተሠራ ነው። በአቶም እምብርት ፖዘቲቭ ሙል ያላቸው ፕሮቶኖች፥ በዙሪያው ኔጋቲቭ ሙል ያላቸው ኤሌክትሮኖች ይገኛሉ። ሙል ማለት አንድ ነገር ሌላውን በኤሌክትሪክ ኀይል እንዲስብ ወይም እንዲገፋ የሚያደርገው ጠባይ ነው። ተመሳሳይ ሙሎች ይገፋፋሉ፤ ተቃራኒዎቹ ይሳሳባሉ። ሁለቱ እኩል ሲሆኑ ግን አንዱ ሌላውን ስለሚያጣፋ፥ በየዕለቱ የምንነካው ዕቃ አያስደነግጠንም።

ይህን እኩልነት ማፍረስ አስቸጋሪ አይደለም። በበጋ ወራት ደረቅ ፀጉራችንን በፕላስቲክ ማበጠሪያ ደጋግመን አበጥረን፥ ማበጠሪያውን ወደ ወረቀት ቁርጥራጭ ብናስጠጋ ወረቀቱ ዘሎ ይለጠፍበታል። ማበጠሪያው ከፀጉሩ ኤሌክትሮን ወሰደ እንጂ አዲስ ሙል አልፈጠረም። ማበጠሪያው ያተረፈውን ያህል ፀጉሩ ጐድሎበታል። እንግዲህ ሕጉ ይህ ነው፤ ሙል ከቦታ ወደ ቦታ ይዛወራል እንጂ ከምንም አይፈጠርም፥ አይጠፋምም።

በደመና ውስጥም የሚሆነው ለዚህ የቀረበ ነው። የበረዶ ቅንጣቶች እርስ በርሳቸው ሲጋጩ፥ ቀላሎቹ ፖዘቲቭ ሙል ይዘው ወደ ላይ ይወጣሉ፤ ከባዶቹ ኔጋቲቭ ሙል ይዘው ከታች ይቀራሉ። አየር ሙልን በቀላሉ አያሳልፍም። ክምችቱ ከልክ ሲያልፍ ግን፥ ግድቡን እንደጣሰ ውሃ ወደ መሬት ይወርዳል። መብረቅ የምንለው ይህንን ነው። ቤንጃሚን ፍራንክሊን መብረቅ ኤሌክትሪክ መሆኑ የሚፈተንበትን መንገድ ጽፎ ካሳወቀ በኋላ፥ እ.ኤ.አ. በ1752 በፈረንሳይ አገር ሙከራው ተደርጎ ነገሩ ተረጋግጧል።

የመብረቅ ኮረንቲ 30,000 አምፔር ያህል ሊደርስ ይችላል፤ የሚቆየው ግን ከአንድ ሴኮንድ ያነሰ ጊዜ ነው። ያ ሁሉ ሙል ወዲያው መሬት ስለሚገባ፥ በተመታው ሰው ገላ ውስጥ ሌላውን የሚጐዳ ነገር አይቀርም። ስለዚህ እርሱን መንካት አያስፈራም፤ የሚያስፈራው የሚቀጥለው መብረቅ ነው። ትንፋሹና ልቡ ቆመው ከሆነ ትንፋሽ መስጠትና ደረቱን ደጋግሞ መጫን ሊያድነው ይችላል። በፍርሃት ቆሞ ማየት ግን ዕድሉን ያሳጥረዋል።

የቤት ኮረንቲ ጠባይ ከዚህ ይለያል። ኮረንቲ ማለት የሙል ጉዞ ነው፤ አንድ አምፔር ሲባል በየሴኮንዱ 6 ቢሊዮን ቢሊዮን የሚያህል ኤሌክትሮን በአንድ ቦታ ያልፋል ማለት ነው። በአገራችን በ220 ቮልት የሚገፋው ይህ ጉዞ እንደ መብረቅ በቅጽበት አያልቅም፤ መስመሩ እስካልተቋረጠ ድረስ ይቀጥላል። የአምፔር አንድ አሥረኛ እንኳ በልብ በኩል ካለፈ ሊገድል ይችላል። ኮረንቲው የእጅን ጡንቻ ስለሚያኮማትር ሰውየው ሽቦውን መልቀቅ ያቅተዋል፤ ሕዝባችን «ኮረንቲ ያዘው» ማለቱ እውነት ነው። በባዶ እጁ የሚስበውም ሰው ለኮረንቲው ሌላ መንገድ ሆኖ አብሮ ይያዛል።

ስለዚህ አስቀድሞ ኮረንቲውን ከቆጣሪው ላይ ማጥፋት ይገባል። ይህ ካልተቻለ፥ በደረቅ ሳንቃ ላይ ቆሞ ሽቦውን በደረቅ እንጨት ማራቅ ነው። የወደቀው የከፍተኛ ኀይል መስመር ከሆነ ግን፥ ኮረንቲው በመሬትም ስለሚሄድ ከሩቅ ቆሞ የመብራት ኀይል ሠራተኞችን መጥራት እንጂ ፈጽሞ መቅረብ አይገባም።

ክረምቱን ወደ ቤተሰቡ ዘንድ የሚሄድ ተማሪ ሁሉ ይህን ለታናናሾቹና ለጐረቤቶቹ ቢያስረዳ መልካም ነው። ያለፈ ሙል አይጐዳም፤ የሚጓዝ ሙል ይገድላል። ይህን ለይቶ ማወቅ የፈተና መልስ ብቻ ሳይሆን የሰው ሕይወት ማትረፊያ ነው።