ኮንሶሉ ሲጠይቅ

ግብፅ ውስጥ ባንኮች ዓርብና ቅዳሜ ስለሚዘጉ ትልልቅ የጥገና ሥራዎች የሚያዙት ዓርብ ነው። ሄሊዮፖሊስ፣ ከሮክሲ ብዙም በማይርቅ የመረጃ ማዕከል፣ በአንዱ ዓርብ ሜንፍሬሙን አጥፍተን ስናስነሣው ኦፕሬቲንግ ሲስተሙ ዜድ ኦኤስ ያለ እክል ተነሣ፤ ጄስ2 ግን እመንገድ ላይ ቆመ። ጄስ2 የሥራ ወረፋውን የሚይዘው ክፍል ነው። እሱ ከሌለ ባች አይሮጥም፣ ተጠቃሚም አይገባም። የቀረን ኮንሶሉ ብቻ ነበር።

ኮንሶሉ ደግሞ መልስ ይጠብቃል። ሥራዎችና ውጤቶቻቸው ከሚቆዩባቸው የስፑል ዲስኮች አንዱ አልተገኘም ይልና ሦስት ምርጫ ያቀርባል፦ ጎ፣ ኩዊት፣ ፐርጅ። ጎ ያለ ዲስኩ ይቀጥላል፤ ኩዊት ጄስ2ን ያቆማል፤ ፐርጅ በዚያ ዲስክ ላይ ቦታ የያዙትን ሥራዎች ያጠፋል። ሦስቱም በአንድ መስመር፣ እኩል ክብደት ያላቸው ይመስል ተደርድረዋል። ይህ አጻጻፍ ሁልጊዜ ያስፈራኛል።

የፈረቃው ኦፕሬተር ስልኩ ሲደጋገምበት፣ «ያ ባሽሙሃንዲስ (ኢንጂነር ሆይ)፣ ኮልድ ስታርት እናድርገውና እንገላገል» አለኝ። ጭንቀቱ ይገባኛል። ኮልድ ስታርት ስፑሉን ባዶ አድርጎ ስለሚጀምር አብዛኛውን ጊዜ ይነሣል፤ በወረፋው የነበረው ሁሉ ግን አብሮ ይሄዳል። ዋርም ስታርት ወረፋውን ከቼክፖይንት ፋይሉ ላይ አንብቦ ይመልሳል።

ስለዚህ መልስ ሳንሰጥ ቆየን። የጄስ2 መልእክቶች ሃስፕ ብለው ይጀምራሉ (በ1960ዎቹ ሂዩስተን ላይ የተጻፈ ፕሮግራም ስም ነው)፤ እያንዳንዱ ቁጥር አለው፣ መመሪያውም ሲስተሙ ምን እንዳደረገና ኦፕሬተሩ ምን ማድረግ እንዳለበት ይነግራል። ሎጉን ወደ ላይ እየመለስን አነበብን። ዲስኩን በዲስፕሌይ ትእዛዝ ስንጠይቅ ኦፍላይን ነበር፤ ጠዋት የስቶሬጅ ሥራ ሲሠራ ወደ እሱ የሚወስደው የቻናል መስመር ሳይመለስ ቀርቷል። መረጃው ምንም አልሆነም። መስመሩ ሲከፈት ዲስኩን በቫሪ ትእዛዝ ኦንላይን አድርገን፣ ኩዊት መልሰን፣ ጄስ2ን በዋርም ስታርት አስነሣነው። ወረፋው ሳይጎድል መጣ።

እ.ኤ.አ. በሰኔ 2012 የብሪታንያው አርቢኤስ ባንክ የባች መርሐ ግብር ሶፍትዌሩን አሻሽሎ ችግር ሲገጥመው፣ ውጤቱን ሳይፈትሽ ማሻሻያውን አነሣ። 6.5 ሚሊዮን ያህል ደንበኞች ተቸገሩ፤ በ2014 ተቆጣጣሪዎች 56 ሚሊዮን ፓውንድ ቀጡት። ያ ሶፍትዌር ከጄስ2 በላይ የሚሠራ ሌላ ፕሮግራም ቢሆንም፣ ለመገላገል የሚወሰድ እርምጃ ከችግሩ ሊከፋ መቻሉ አንድ ነው።

እኛ ዘንድ ፐርጅም ሆነ ኮልድ ስታርት ያለ ሁለተኛ ሰው ፈቃድ እንዳይደረግ ተስማምተናል። እኔ ግን አሁንም የምጠይቀው አለ፦ አዲስ ኦፕሬተር ብቻውን ፈረቃ ከመያዙ በፊት፣ በሙከራ ሲስተም ላይ የስፑል ዲስክ ተነሥቶበት ያንን ጥያቄ በዓይኑ ይየው።